ለእትዬ የሺ የተነሣ ፎቶ

ፎቶ አንሺ ነኝ። አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያን ዘመን ግን፣ ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ ባለው የይፋት ቆላ ከእኔ የሚበልጥ ፎቶ አንሺ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ሌላ ፎቶ አንሺም አልነበረም። ቢኖርም ግን እበልጠው ነበር።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ አርመን ነው። ጣልያን ሲገባ አርመኑ ሱቁን ዘግቶ ከአገር ወጣ፤ ትልቁን የእንጨት ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያና የተረፈውን ዕቃ ለእኔ ተወልኝ። እኔም በአንዲት ግትር በቅሎ ጭኜ ወደ ቆላ ወረድኩ። ሮቢት ላይ ጣልያን መንገድ ያሠራ ስለነበር ሰፈሩ በወታደር፣ በሠራተኛና በነጋዴ ይተራመሳል፤ የራሱን መልክ ማየት የማይወድ ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም። በገበያ ቀን ባላገሩን፣ በሌላው ቀን ወታደሩን አነሣለሁ። «ለጣልያን አድሯል» እያሉ የሚያሙኝ ነበሩ። ስሰማ እስቃለሁ። ለእኔ ፊት ሁሉ አንድ ነበር፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና ጥላው የት እንደሚያርፍ ካወቅሁ የቀረው ጉዳዬ አልነበረም። ወጣት ነበርኩ፣ ሙያዬን አውቃለሁ፣ አፌም ስል ነበር።

ታሪኩ እንዲገባችሁ ስለ ሥራው ትንሽ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ፎቶ የሚነሣው መድኃኒት በተቀባ መስታወት ላይ ነው። ሁለት መስታወት ጀርባ ለጀርባ ሆነው በአንድ ጠፍጣፋ የእንጨት መያዣ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ በዚህ ፊት፣ ሌላው በዚያ ፊት። መስታወቱ በጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት እስኪታጠብ ድረስ ቅንጣት ብርሃን ከነካው ያበቃለታል። ከታጠበ በኋላም መጀመሪያ የሚወጣው ምስል ግልባጭ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ትክክለኛው መልክ የሚመጣው ወረቀት ላይ ሲታተም ነው።

አንድ ጠዋት የሮቢትን የጦር ሰፈር የሚያዝዘውን መኮንን አነሣሁ። ወታደሮቹ ቴነንቴ ይሉታል። ቀጭን ጢም ያለው፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው። ፎቶውን ለእጮኛው ሊልክ ፈልጎ፣ አንድ እጁን ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን ሽጉጡ ላይ አድርጎ ቆመ። አነሣሁትና ነገ እንደማደርስለት ነገርኩት። ከአርመኑ ጋር ስኖር ከጣልያን ደንበኞቹ ጣልያንኛ ስለለመድኩ ያለ አስተርጓሚ ነበር የምንነጋገረው። በመያዣው ውስጥ ሁለተኛው ፊት ገና ስላልተነሣበት ይዤው ወደ ገበያ ወጣሁ።

ገበያው ውስጥ ጋሽ ሰይድ አገኙኝ። ጋሽ ሰይድ ከሮቢት በታች ማሽላ የሚያርሱ፣ ግመል ጭነው እስከ ቆላው ጥግ የሚነግዱ የተከበሩ ሰው ናቸው። ዝናብ ሲይዘኝ ቤታቸው አድር ስለነበር እንቀላለዳለን።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ያ ፎቶ አንሺ!»

«ወአለይኩም ሰላም ጋሽ ሰይድ። ዛሬስ ምን ሊያስነሡኝ ነው? ግመሏን?»

«ግመሏ ከአንተ ጣልያኖች ታምራለች» አሉና ሣቁ። ወዲያው ሣቃቸውን ዋጥ አድርገው በቅሎዬን የሚያዩ መስለው ተጠጉኝ። «ቤቴ እንግዳ አለ። ዕቃህን ይዘህ ና። ወላሂ፣ ለአንድ ሰው ብትተነፍስ ልጆቼ ያልቃሉ።»

ሄድኩ። ከቤታቸው ጀርባ፣ ማሽላው መካከል፣ በአገዳ የተከለለች ጎጆ አለች። ገብቼ ሳይ አንድ ጎፈሬው የተንጨፈረረ ሰው አጎዛ ላይ ጋደም ብሏል። ቀኝ ክንዱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አድማሱ ይባላል» አሉኝ ጋሽ ሰይድ።

አድማሱን በስም የማያውቅ አልነበረም። የጣልያንን የጭነት መኪና እያደፈጠ የሚመታ አርበኛ ነው። ባለፈው ሰሞን በተደረገ ውጊያ ተመትቶ ከገደል ወድቆ መሞቱን ጣልያን ገበያ መሃል አስለፍፏል። ለካስ ወንዙ ዳር ቆስሎ ተኝቶ፣ ጋሽ ሰይድ ግመል ሊያጠጡ ወርደው አግኝተውታል።

«ሞተሃል እኮ» አልኩት።

«ሰምቻለሁ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «እኔስ ደኅና ነኝ። ችግሩ እናቴም ሰምታለች።»

እናቱ እትዬ የሺ ይባላሉ፤ ከአጣዬ በላይ ካለ መንደር ነው የሚኖሩት። መርዶው ተነግሯቸው ለቅሶ ተቀምጠዋል። እሑድ ደግሞ አገር ምድሩ የሚሰበሰብበት ትልቁ ለቅሶ ነው።

«ሰው ላኩባቸው እንጂ» አልኩ።

«ልከን ነበር። ‹ልታጽናናኝ ነው የመጣኸው› ብላ አባረረችው። አባቴ የሞተ ጊዜ ዘመዶቻችን መርዶውን ደብቀው ‹አይዞሽ፣ ታሞ ነው፣ ይሻለዋል› እያሉ ስንት ጊዜ አቆይተዋታል። ከዚያ ወዲህ በጆሮዋ አታምንም። በዓይኗ ማየት አለባት።»

«እሺ፣ ፎቶውን አደርሳለሁ። አይተው ሲያምኑ ለቅሶው ይበተን አይደል?»

ሁለቱም ባንድ አፍ «አይሆንም!» አሉኝ።

«ጣልያን የሾመው ጭቃ ሹም እዚያ ተቀምጦ ሰውን ሁሉ ይቆጣጠራል» አለ አድማሱ። «እኔ ሞቻለሁ ብለው ፍለጋውን ትተዋል። ለቅሶው ከተበተነ ግን እንደገና ቆላውን ቤት ለቤት ያስሱታል፤ ይህ ቤት ከነልጆቹ ይቃጠላል። እሷ ብቻ ትወቅ። ከእሷ ሌላ ማንም አይየው።»

እንግዲህ አስቡት። አንዲት እናት ልጇ አለመሞቱን ማወቅ አለባት፤ ያወቀች መምሰል ግን የለባትም። ይህንን ነበር የጣሉብኝ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት የማልችልበት ምክንያት ነበረኝ፤ ሊሠራው የሚችል ሌላ ሰው በአገሩ አልነበረም።

ጋሽ ሰይድ «ክንድህን በጋቢ ሸፍነው» ቢሉት እምቢ አለ። ቁስሉን ስታይ ከውጊያው በኋላ መነሣቱን ታውቃለች አለ። እውነቱን ነበር። ከአገዳው ክፍት በኩል ብርሃን በሚገባበት አስቀመጥኩትና በቀረችኝ በአንዷ ፊት አነሣሁት።

ሮቢት ወዳለችው ማደሪያዬ ስመለስ ቴነንቴው ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ነገ ጠዋት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ፎቶዬ አሁን ይታጠብ» አለኝ።

«ደስ ይለኛል ሲኞር። ማታ...»

«አሁን። እኔም ማየት እፈልጋለሁ።»

የእኔ ጨለማ ክፍል መስኮቷ በጭቃ የተደፈነ አሮጌ የእህል ቤት ነበረች። መያዣው እጄ ላይ ነው። በአንደኛው ፊት እሱ አለ፤ በሌላኛው ፊት ሊገድለው አገር ያሰሰለት ሰው አለ። ቢሆንም አልተሸበርኩም። በእሱ በኩል ባለው ፊት ላይ ክር አስሬ ምልክት አድርጌ ነበር። የእሱን ብቻ አውጥቼ አጥባለሁ፣ ሌላው በቦታው ይቆያል ብዬ ገባሁ፤ እሱም ተከትሎኝ ገባ። በሩን ዘጋሁ። ከቀይ መስታወት ጀርባ ከምትበራ ትንሽ ኩራዝ በስተቀር ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

መያዣውን ከፍቼ የእሱን መስታወት መጎተት ስጀምር ከጎኔ የክብሪት ሣጥን ተንኳኳ። ሰውዬው ሲጋራ ሊያቀጣጥል ነው! ክብሪቷ ብትበራ እሱም አድማሱም እዚያው ይጠፋሉ። ሳላስብ ዘልዬ እጁን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። በዚያን ዘመን የጣልያን መኮንን እጅ እንዲያ መያዝ የሚያመጣውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

«ምን ማድረግህ ነው?» አለ። ድምፁ ተለውጧል።

«እጮኛዎን እያዳንኩ ነው» አልኩት። «ክብሪቱ ከበራ ባዶ መስታወት ነው የሚልኩላት።»

እሱም ሣቀና ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። እኔ ግን ስዘል መያዣው ከእጄ አምልጦ ሁለቱም መስታወቶች ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተው ነበር። ደግነቱ አልተሰበሩም። ግን የትኛው የማን ነው? በእጄ ዳበስኳቸው፤ አንድ ናቸው። ክሩ ያለው መያዣው ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይደለም።

ቆሜ ብዘገይ ይጠረጥራል። አንዱን አነሣሁና መድኃኒቱ ውስጥ ከተትኩት። ሳህኑን አወዛውዛለሁ፣ እሱ በትከሻዬ ላይ አዘንብሎ ያያል። መጀመሪያ ጥቁር ነገር ወጣ፤ ሰፋ፤ ከደረት በላይ ተጠምጥሞ ታየ። የክንዱ ጨርቅ ነው። ነጭ ስለነበር ጠቁሯል። ከዚያ ፊቱ ፈካ ብሎ፣ ጎፈሬው ደግሞ ነጭ ሆኖ ጭንቅላቱን ከቦ ብቅ አለ።

«ይህ እኔ አይደለሁም። ማነው?» አለ ቴነንቴው።

ሳህኑን ተመለከትኩ። ያ የነጣ ጎፈሬ ለእኔም እንኳ ጎፈሬ አይመስልም ነበር።

«አንድ ሼህ ናቸው» አልኩ ወዲያው። «የገበያው ሼህ። ነጭ ጥምጥማቸውን አያዩም?»

«አዎ፣ አዎ፣ ጥምጥም» አለ። በይፋት ቆላ ጥምጥም የሚያየው በየቀኑ ነው። «እጁ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«ኩታቸው ነው።»

ግልባጭ መሆኑን ቢያስታውስ ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራችሁም ነበር። ግን ማንም ሰው ዓይኑ ያየውን ነው የሚያምነው። እኔም እንዲያስብበት ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ፈጥኜ ሁለተኛውን መስታወት ነከርኩ። ወዲያው እሱ ራሱ ፊቱ ከሰል ጠቁሮ፣ በቅባት የተኛው ጸጉሩ ሽበት መስሎ ወጣ። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ስለ ግልባጩ ሳስረዳው ሆዱን ይዞ ሣቀ። ስለ እሱ ፊት ሳስረዳው ስለ ሼሁም እንዳያስታውስ ፈርቼ ነበር። አላስታወሰም። የራሱን ፊት እያየ ሌላ ሰው የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ሲወጣ ግን በር ላይ ዞር አለ።

«ያ ሼህ ጥሩ ፊት አለው። የአገሬውን ሰው ፎቶ እሰበስባለሁ። ለእኔም አንድ አትምልኝ።»

ጉድ ፈላ! በማግስቱ ለአንዲት ሙሽራ ያስቀመጥኳትን የመጨረሻ መስታወት ይዤ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ወረድኩ። ነጭ ጥምጥም አስጠመጠምኳቸው፣ የሚስታቸውን ጥቁር ኩታ ክንዳቸው ላይ አንጠለጠልኩ።

«አስተግፊሩላህ! ቁርአን ሳልቀራ ሼህ አደረግኸኝ» ብለው ተቆጡ።

«ጋሼ፣ ወይ ሼህ ይሁኑ ወይ ቤትዎ ይቃጠል።»

«እንግዲያስ ቶሎ አንሣኝ» አሉና ጢማቸውን አስተካከሉ። ያ ፎቶ ጣልያን አገር ሄዷል። የጋሽ ሰይድ ፊት ዛሬም አንድ ግድግዳ ላይ ሼህ ተብሎ ተሰቅሎ ይሆናል።

የአድማሱን አንድ ፎቶ ብቻ አተምኩና መስታወቱን ሰባብሬ ቀበርኩት። እሑድ ፎቶውን ጋቢዬ ውስጥ ይዤ ከአጣዬ በላይ ወዳለው መንደር ወጣሁ።

ለቅሶው ከሩቅ ይሰማል። የአድማሱ በርኖስና ባዶ ዝናሩ አልጋ ላይ ተዘርግተዋል። ሴቶቹ ከበው ደረታቸውን ይደቃሉ፤ አልቃሿ ሙሾ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። ጭቃ ሹሙ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ገቢ ወጪውን ያያል። እትዬ የሺ መካከል ላይ ናቸው፤ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸውን ነጭተው፣ ድምፃቸው ተዘግቷል።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው እየጮኸ ነው የሚገባው። እኔም «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ ገባሁ። በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። እትዬ የሺ እግር ሥር ወደቅሁና በጋቢዬ ከልዬ ፎቶውን እጃቸው ላይ አኖርኩት። «ከውጊያው በኋላ የተነሣ ነው፤ በሕይወት አለ፤ ለማንም እንዳይነግሩ» አልኩ በሹክሹክታ።

አዩት። ፊቱን አላዩም መጀመሪያ፤ ጣታቸውን የታሰረው ክንዱ ላይ አኖሩ። ከዚያ ፊቱን አዩ። እልል ቢሉ ሁላችንም አበቃልን። አሁን ይላሉ፣ አሁን ይላሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ይህን ጊዜ አልቃሿ አየች። «ፎቶ ነው! የወንድሜ ፎቶ! እትዬ የሺ ይስጡኝ፣ ከፍ አድርጌ ልያዘውና ላልቅስበት!» ፎቶ ያለው ሟች በዚያ አገር ብርቅ ነበርና ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጭቃ ሹሙም ከወንበሩ ተነሣ።

«እስቲ አምጡት፣ እኔም ልየው» ብሎ መጣ።

እትዬ የሺ ቀና አሉ። ፎቶውን ደረታቸው ውስጥ ከተቱና በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አላሳይም! በቁሙ ሳለ ማን መጥቶ አየው? ጫካ ሲያድር ማናችሁ ጠየቃችሁት? ዛሬ ሲሞት ነው ፊቱ የናፈቃችሁ? ይህ የኔ ነው! ከኔ ጋር ይቀበራል!»

ጭቃ ሹሙ እጁን እንደዘረጋ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ተው እንጂ! ከእናት ደረት ውስጥ እጅህን ልትሰድ ነው?» አሉት። ሰው አጉረመረመ። ጭቃ ሹሙ አፍሮ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

እትዬ የሺ አንገቴን አንቀው ጮኹ። ቅድም ተዘግቶ የነበረው ድምፅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ተራራው መለሰው። ሴቶቹ ሁሉ ለቅሶውን እንደ አዲስ አነሡት፤ ጭቃ ሹሙ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። በዚያ ጩኸት መካከል አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉ።

«ይበላል?»

«ይበላል፣ እማማ።»

«ምን ይሰጡታል?»

«ገንፎ። በወተት።»

«ወተት አይስማማውም፤ ንገራቸው» አሉኝና «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን መቱ።

እትዬ የሺ ጠላት እስኪወጣ ድረስ ከል ለብሰው ኖሩ። የገዛ እህታቸው እንኳ ምስጢሩን አላወቀችም። እኔም በማግስቱ ሮቢት ወርጄ ስለ ወተቱ ስነግራቸው ጋሽ ሰይድ በሣቅ ፈረሱ፤ «ለዚህ ነው ለካ ሌሊት የሚያቃስተው! እኛ ቁስሉ መስሎን!» አሉ። አድማሱ ድኖ ወደ ጫካው ተመለሰ፤ ኋላም በደኅና ወደ እናቱ ገባ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ብዙዎቻችሁ ከእኔ በኋላ በተሻለ ካሜራ ተነሥታችኋል። ከዚያን ቀን በፊት ፎቶ ማለት ለእኔ ፊትና ብርሃን ብቻ ነበር፤ ሰውን እንደ ዕቃ አስተካክዬ አቁሜ አነሣ ነበር። እትዬ የሺ ያን ወረቀት ሲያዩ ግን ብርሃኑን አላዩልኝም። ቁስሉን አዩ፣ መክሳቱን አዩ፣ የሚበላውን ጠየቁ። እኔ ካነሣሁት በላይ እሳቸው አዩበት። ደስ ብሎኝ ተሸነፍኩ።

ከዚያ ወዲህ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ ሙሽራም ይሁን ወታደር፣ ካሜራዬ ፊት የተቀመጠውን ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ «ይህን ፎቶ የሚያየው ማነው?» መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ከዚያ የአንድ ሰው ስም ይጠራል፤ እናቱን፣ ሚስቱን፣ ሩቅ ያለች እህቱን። ስሙን ሲጠራ ፊቱ ላይ የሚመጣ ነገር አለ። እሱን ጠብቄ አነሣዋለሁ።